ታፔላው ለማን ነው የተጻፈው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፍላችሁ ስለ ታክሲ ነው፤ ስለ ታክሲ እጥረት ግን አይደለም። ስለ እጥረቱ ብዙ ተብሏል። የአዲስ አበባ ሰው እጥረት መቻል ያውቅበታል፤ ዘይት ሲጠፋ ችሏል፣ ስኳር ሲጠፋ ችሏል፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜል ገዝቶ ችሏል። እኔን አንጀቴን ያቃጠለው ሌላ ነው። ታክሲው መጥቶ፣ ፊታችን ቆሞ፣ አናቱ ላይ «ሜክሲኮ – ጀሞ» የሚል ታፔላ ተሸክሞ «ጀሞ አልሄድም» የሚለው ነገር ነው።

የምኖረው በከተማው ደቡብ ምዕራብ፣ ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዬ 64 ዓመት ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 23 ዓመት በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፤ ስለዚህ ስለ ተሳፋሪና ስለ መንገድ የምናገረው ከሩቅ አይቼ አይደለም። ታናሽ እህቴ ኩላሊቷን ታማለች። ማክሰኞና ሐሙስ ሆስፒታል አብሬያት እውላለሁ። የእሷ ቤት መሀል ከተማ ስለሆነ ቅርቧ ነው። እኔ ግን ጠዋት ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ማታ ከሜክሲኮ ጀሞ እመላለሳለሁ። የጠዋቱን ልተወው። ጠዋት ሹፌሩም መሀል ከተማ መግባት ስለሚፈልግ እንደ ምንም ይኬዳል። ጉዱ ያለው ማታ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ሜክሲኮ የጀሞ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዝናቡ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ከፊቴ ልጅ ያዘለች ወጣት እናት አለች፤ ልጇን በፕላስቲክ ሸፍናዋለች። ከእሷ ፊት መሮና መዶሻውን በጆንያ ጠቅልሎ የያዘ ግንበኛ፤ ጫማው ላይ ያለው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም። ከኋላዬ ደብተሯን በሹራቧ ውስጥ የደበቀች የማታ ተማሪ። ወደ መቶ የምንጠጋ ሰዎች ነን፤ ማንም ማንንም አልገፋም። ጃንጥላ ያለው ለሌለው እያካፈለ ቆሟል። እኔ በዚህች ከተማ ከማንም ባለሥልጣን በላይ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ሰልፍ ነው። ማንም ሳያዘን፣ ዱላ ሳይመዘዝብን፣ ተራችንን ጠብቀን የምንቆም ሕዝብ ነን።

ታክሲ መጣ። ታፔላው ጀሞ ይላል። ረዳቱ በሩን ከፈተና አንገቱን አውጥቶ «ሳር ቤት! ሳር ቤት ብቻ!» አለ። ሳር ቤት ጀሞ ሳይደረስ መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ተራ አስከባሪው ሰማ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚገባውን ብር ተቀብሎ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ። ተራዬ ደርሶ በሩ ላይ ስቆም ረዳቱን አየሁት፤ ከ16 ዓመት አይበልጥም። ብሮቹን ርዝመታቸውን አጥፎ በጣቶቹ መካከል ሰክቷቸዋል፤ ጫፋቸው በዝናቡ ርሷል።

«ልጄ፣ እላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ ማየት አላስፈለገውም። «ጀሞ» አለኝ።

«ታዲያ ሳር ቤት ለምን ትላለህ?»

«እማማ፣ እሱ ለትራፊክ ነው» አለኝ።

ሊሰድበኝ ወይም ሊያሾፍብኝ አልነበረም። የማላውቀውን ነገር እንደሚያስረዳኝ በትሕትና ነው የነገረኝ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ታፔላው ለትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ለእኛ አይደለም። ታክሲው የት እንደሚሄድ የሚገልጸው ጽሑፍ የተጻፈው ለሚሄድበት ሰው ሳይሆን ለሚቀጣው ሰው ነው። ልጁ ያደገው በዚህ ነው፤ የሚያውቀውም ይህንን ነው።

ገባሁ። ምን ላድርግ? ሳር ቤት ስንደርስ «መጨረሻ!» ተባልንና ወረድን። ይህንን መንገድ የማያውቅ ሰው «ከዚያ ሌላ ታክሲ መያዝ ነው» ሊል ይችላል። አይያዝም። ሳር ቤት ለጀሞ መንገደኛ መተላለፊያ ነው እንጂ መነሻ አይደለም፤ ከሜክሲኮ ጀሞ ድረስ የሚሄዱት ጥቂቶቹ መኪናዎች ሞልተው፣ መስኮታቸው በትንፋሽ ተሸፍኖ ያልፉናል። ሰልፍም የለም፤ ሜክሲኮ ተራ ጠብቆ የቆመው ያ ጨዋ ሕዝብ ሳር ቤት ላይ የሚጋፋ፣ የሚጎተት፣ አሮጊት የሚገፈትር ሕዝብ ይሆናል። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ሃያ ደቂቃ አላለፈም። ሰው ተራው እንደማይከበርለት ሲያውቅ ተራ መጠበቅ ያቆማል።

ከዚያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያወረደን ታክሲ ሃምሳ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ያው ልጅ፣ ያው ድምፅ፦ «ጀሞ! ጀሞ!» ሁላችንም ሮጥን። እኔም በ64 ዓመቴ በዝናብ ውስጥ ሮጥኩ። ቅድም የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ በራሴ ቀሚስ እንደረጠበ ነበር። «ሒሳብ!» ተባልን፤ ሁለተኛ ከፈልን። ግንበኛው እግሩ ስላልፈጠነለት አልደረሰም። በመስኮቱ አየሁት፤ ጆንያውን አቅፎ ቆሟል።

ታሪፉ የሚሰላው በርቀት ደረጃ ነው። አጭር መንገድ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ከረጅሙ ይወደዳል፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ለሁለት ሲቆረጥ የሁለቱ ቁራጭ ድምር ከሙሉው ይበልጣል። ከዚህ ላይ በምሽት በሦስት ሰው ወንበር አራተኛ ሰው ይደረባል። በወር ስደምረው ለመንገድ የማወጣው ከጡረታ አበሌ ላይ ያለቅጥ ይነሣል። ለእኔ ልጆቼ ይደግፉኛል። ያ ግንበኛ በሳምንት ስድስት ቀን ሁለቴ ሲከፍል ማን ይደግፈዋል?

በእኛ ጊዜ ነገሩ እንዴት ነበር ብዬ ያለፈውን ዘመን ገነት ለማድረግ አልፈልግም። ዳፍ የሚባሉት የከተማ አውቶቡሶች ላይ ሰው እንደ ጤፍ ነዶ ይታጨቅ ነበር፤ ኪስ ይወለቅ ነበር፤ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚጠበቅበት ቀን ብዙ ነበር። ነገር ግን አውቶቡሱ ግንባሩ ላይ የተጻፈው ቦታ ሳይደርስ አይመለስም። መነሻው ላይ ተቆጣጣሪ አለ፣ መድረሻው ላይ ተቆጣጣሪ አለ፤ ሁለቱም ጋ ሳይፈረም የቀኑ ሥራ አይዘጋም። መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽ እኔ ከመቀመጫዬ ወርጄ፣ ተሳፋሪዎቼን ይዤ፣ የሚቀጥለውን አውቶቡስ አስቁሜ «እነዚህ ከፍለዋል» ብዬ ነው የማስረክባቸው። ሰውየው ከእኔ የገዛው ወረቀት አይደለም፤ መድረሻውን ነው የገዛው። ትኬት ቆራጭ ሆኜ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ሹፌሮቹን ብቻ ረግሜ አላልፍም። በእኛ ብሎክ አንድ የታክሲ ሹፌር አለ፤ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። ቡና ስንጠጣ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። መኪናው የራሱ አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስረክባል፤ ሠራም አልሠራም። ነዳጅ ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ለሕዝብ ማመላለሻ በቴሌብር የሚታሰብ ድጎማ ቢጀመርም ለመቅዳት የሚፈጀው ሰልፍ ግማሽ ሌሊቱን ይበላበታል። ማታ ሙሉውን ጀሞ ሄዶ ሲመለስ መኪናው ባዶ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከጀሞ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው የለም። ሳር ቤት ላይ ከቆረጠ ግን በዚያው ጊዜ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞልቶ ይመለሳል። «እትዬ፣ እኔ ባልቆርጥ ሌላው ይቆርጣል፤ እኔ ብቻዬን ባዶ መኪና ስነዳ አመሻለሁ» አለኝ።

አመንኩት። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እውነት ከሆነ በግልጽ ይነገረን። የማታው የጀሞ መንገድ በታሪፉ የማያዋጣ ከሆነ ታሪፉ ይጨመርና አንድ ጊዜ ልክፈል፤ እኔ እከፍላለሁ። ወይም ታፔላውን አውርዶ «ሳር ቤት» የሚል ይስቀል። የማልቀበለው ጀሞ የሚል ጽሑፍ ተሸክሞ፣ በጀሞ ስም ተራ ይዞ፣ የጀሞን ሰው ሳር ቤት ማራገፉን ነው።

ነገሩ ከእኔ ኪስ ያልፋል። ከተማው ታክሲዎችን በመስመር ሲመድብ ለጀሞ ይህን ያህል መኪና አለ ብሎ በመዝገብ ያስቀምጣል። ያ ቁጥር የተቆጠረው በታፔላ ነው። በመዝገብ ጀሞ የሚሠሩት መኪናዎች ማታ ማታ ሳር ቤት የሚሠሩ ከሆኑ፣ እኛ ያለን በወረቀት ላይ ያለ ታክሲ ነው። «ጀሞ በቂ ተመድቦለታል» ተብሎ ተጨማሪ አውቶቡስ ይከለከላል። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው። ውሸቱ ተሳፋሪውን ብቻ ሳይሆን ዕቅድ አውጪውንም እያታለለ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ዝናብ ላይ አለመቆሙ ነው።

ባቡሩስ የሚል ይኖራል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር እኔም ልጄን ይዤ ልሳፈር ሄጃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነበር እላለሁ። ሆኖም አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ነው። ደቡብ ምዕራቡን አይነካም። እኛ ሜክሲኮ ሰልፍ ቆመን ከበላያችን ሲያልፍ እናየዋለን። ለእኛ የታሰበው ከዊንጌት እስከ ጀሞ በራሱ ረድፍ የሚሄድ ፈጣን አውቶቡስ ነበር። ስለ እሱ መስማት ከጀመርን ዓመታት አለፉ። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል። ያ መንገድ በዕቅዱ መሠረት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ይህንን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ እዚያ ድረስ እርግጠኛ ነኝ።

መልካሙንም ልናገር። በኮሪደር ልማቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወሎ ሰፈር የሚሄደው መንገድ ታድሷል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት አለው፤ ማታ ሴት ልጅ ብቻዋን ልትራመድበት ትችላለች። እኔም ታክሲው ሲያስመርረኝ ከሜክሲኮ ሳር ቤት በእግሬ ሄጃለሁ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ጉልበቴን አመመኝ፣ ግን በሰላም ደረስኩ። ለሠሩት ምስጋና ይገባቸዋል። ከሳር ቤት ጀሞ ግን በእግር የሚሞከር አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ተሳፋሪዎቹ ልምጣ፤ የምናገረው አይጣፍጥም። ሳር ቤት ላይ ሲቆረጥብን «ታፔላው ጀሞ ይላል፣ አንወርድም» ብዬ አንድ ቀን ቁጭ አልኩ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ማን ተቆጣኝ መሰላችሁ? ሹፌሩ አይደለም። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ «እናቴ፣ ይተዉት፤ ዝም አይነቅዝም፤ እኛንም አያስመሹን» አለኝ። ሌላዋም «ሁልጊዜም እንዲህ ነው እኮ» አለች። ሁሉም ተራ በተራ ወረዱ። ብቻዬን ቀረሁ፤ እኔም ወረድኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ዝምታ ግን ነቅዟል። ዝም ባልን ቁጥር የሚቆረጠው መንገድ እያጠረ ነው። መጀመሪያ ሳር ቤት ነበር የሚቆረጠው፤ አሁን ከሳር ቤት በኋላም መካኒሳ ላይ የሚቆርጡ አሉ።

ከዝምታው የባሰም አለ። ኪሱ የሞላ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ፣ ጋቢና በር ላይ ሄዶ፣ «እጨምርልሃለሁ፣ ጀሞ ድረስ ውሰደን» ይላል። ሦስት አራት ሰው ይሰበስባል፤ ታክሲው ሳይሰለፉ በገቡ ሰዎች ሞልቶ ይሄዳል። ይህንን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጅ ቤት ጥለው የወጡ፣ የደከማቸው ሰዎች ናቸው። ግን ያ ጭማሪ ብር የሚከፈለው ሰልፉ ላይ ከቆመችው ልጅ ያዘለች እናት ተራ ላይ ነው። ሹፌሩን ያስተማርነው እኛ ነን።

ስለ መልስ አለመመለስ፣ ሹፌር በስልክ እያወራ ስለ መንዳቱ፣ ከፍ ብሎ ስለሚለቀቀው ሙዚቃ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሌላ ሰው ይጽፍበታል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ አዲስ አውቶቡስ ግዙልኝ አላልኩም። የሜክሲኮ ተራ አስከባሪ መኪና ሲያስወጣ የሰሌዳ ቁጥሩንና ሰዓቱን ይመዝግብ። ጀሞ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የደረሱትን ይመዝግብ። ማታ ሁለቱ ወረቀቶች ይተያዩ። ከሜክሲኮ ወጥቶ ጀሞ ያልደረሰው መኪና በግልጽ ይታያል፤ ካሜራም ኮምፒውተርም አያስፈልግም፤ እኛ በእስክሪብቶ ስንሠራው የኖርነው ሥራ ነው። ቁጥጥሩ ዛሬ ያለው መነሻ ላይ ብቻ ነው፤ መንገድ የሚቆረጠው ግን መሀል ላይ ነው። ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሳር ቤት ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ቢቆም እንኳ ግማሹ ይቀንሳል። ተቆጣጣሪው ሹፌሩን ብቻ ቀጥቶ አይመለስ፤ የወረዱትን ሰዎች በዚያው ታክሲ፣ ሁለተኛ ሳያስከፍል፣ ጀሞ ድረስ ያስወስድልን። ቅጣቱ ለመንግሥት ካዝና ገቢ ይሆናል፤ እኛ ግን ዝናቡ ላይ እንደ ቆምን እንቀራለን።

ሙሉውን መንገድ ለሚሠሩት ሹፌሮች ደግሞ አንድ ነገር ይደረግላቸው። በምዝገባው ጀሞ መድረሳቸው የተረጋገጠላቸው ነዳጅ ላይ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ጎረቤቴን ጠይቄዋለሁ፤ «ይህ ከሆነ እኔ ነገ እጀምራለሁ» ብሎኛል።

የሚመለከተው ክፍል ኃላፊ ይህንን ካነበበ እንዲያጣራልኝ ሰው እንዲልክ አልጠይቅም፤ ራሱ ይምጣ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜክሲኮ የጀሞ ሰልፍ ላይ አለሁ፤ ጥቁር ጃንጥላና አረንጓዴ ሹራብ ነው የምይዘው። መኪናውን ቤቱ ትቶ፣ ተራውን ጠብቆ ከእኔ ኋላ ይቁም። ቦታ ይዤ አልጠብቀውም፤ ሰልፉ ይህንን አይፈቅድም።

ከጀሞ ሁለት፣ ጡረታ የወጣሁ ትኬት ቆራጭ